ወንዝ ዳር ቆሞ የሚጠማ ዛፍ፦ ግድብ የወንዝ ዳር ዕፀዋትን እንዴት ይለውጣል? እንዴትስ ይጠናል?

መግቢያ

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው አባባል የተነገረው ስለ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ወንዝ ዳር በቅሎ፣ ሥሩን ወደ ውኃው ዘርግቶ፣ ከጊዜ በኋላ ከጫፉ ጀምሮ ለሚደርቅ ዛፍም በትክክል ይሠራል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ዛፍ ነው።

አንድ የፊዚክስ መምህር ስለ ዛፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ አንድ የዕፀዋት ተመራማሪ ጓደኛዬ ከትልቅ ግድብ በታች ወደሚገኝ ወንዝ ይዞኝ ሄደ። በወንዙ ግራና ቀኝ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሳቸው ግዙፍ ዛፎች ተሰልፈዋል፤ ውኃው ጥርት ብሎ ይፈስሳል። «ግድቡ የጎዳው ነገር ያለ አይመስለኝም» አልሁት። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ «እስቲ ከጉልበትህ የማይበልጥ የዚህ ዛፍ ችግኝ ፈልገህ አሳየኝ» አለኝ። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ስፈልግ ዋልሁ፤ አንድም አላገኘሁም። ያ ደን ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበት መንደር ነበር። ልጅ መወለድ ያቆመው ግድቡ ከተሠራ ጀምሮ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው ስለሚታዩ ግን መንገደኛ ሁሉ «ደኑ ደኅና ነው» እያለ ያልፋል።

ወንዙ ዓመቱን በሙሉ እየፈሰሰ ችግኝ ለምን አይበቅልም? ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ከባዮሎጂ ይልቅ ለፊዚክስ የቀረበ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ጉዳዩን ከአዲስ አበባ ዙሪያ ወንዞች ጋር በማያያዝ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአንድ ጠብታ ጉዞ፦ ከሰንዳፋ እስከ አፋር

በክረምት በሰንዳፋ አካባቢ የወረደ አንድ የዝናብ ጠብታ እንከተል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት በአማካይ ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ያገኛሉ፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ግድብ ባልነበረበት ዘመን ጠብታው በጅረቶች አድርጎ ወደ ትልቁ አቃቂ፣ ከትልቁ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባ ነበር። አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ፣ በአፋር ቆላ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው።

ዛሬ ግን የጠብታው መንገድ በብዙ በር የተዘጋ ነው። የመጀመሪያው በር በ1970 የተጠናቀቀውና 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ የተሠራው የለገዳዲ ግድብ ነው። በአቅራቢያው ደግሞ በ1999 የተጠናቀቀውና 19 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል የሚይዘው የድሬ ግድብ ይገኛል። በከተማዋ ምዕራብ፣ በቡራዩ በኩል፣ በትንሹ አቃቂ ራስጌ ላይ ከሁለቱም በዕድሜ የሚበልጠው ገፈርሳ አለ። ሦስቱም የአዲስ አበባን ሕዝብ ውኃ ያጠጣሉ። ከከተማዋ በታች ሁለቱ አቃቂዎች የሚገናኙት በአባ ሳሙኤል ግድብ ሲሆን፣ ይህ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ከዚያ ቀጥሎ በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ ይመጣል። ወደ ታች ሲወርዱ ደግሞ ከ2000 ወዲህ የተሠሩት የከሰምና የተንዳሆ ግድቦች አሉ፤ የመጀመሪያው በአዋሽ ገባር፣ ሁለተኛው በአዋሽ በራሱ ላይ።

እነዚህ ግድቦች ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ልብ እንበል። ከለገዳዲ የሚወሰደው ውኃ ወንዙን ትቶ በቧንቧ ይሄዳል፤ ከግድቡ ሥር ለሚገኘው ሸለቆ የሚተርፈው ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሲፈስስ ወይም በር ሲከፈት የሚወርደው ነው። ቆቃ ግን በዋናነት ያዘገያል እንጂ አይወስድም፤ ውኃው ተርባይኑን አዙሮ ወደ ወንዙ ይመለሳል። የመጀመሪያው የወንዙን መጠን ይቀንሳል፤ ሁለተኛው የወንዙን ጠባይ ይለውጣል። የመጀመሪያውን ጉዳት ማንም ያየዋል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በመዝገብ ላይ የጎደለ ውኃ የለም።

ግድብ እንደ ካፓሲተር

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በፊዚክስ ክፍል ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠውን ሰርኪዩት ታስታውሳላችሁ። ከዳዮዱ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ ካፓሲተር ስንጨምርበት ከፍ ሲል ያጠራቅማል፣ ዝቅ ሲል ይሰጣል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ልሙጥ ይሆናል። ግድብም የሚሠራው ይህንኑ ነው። የክረምቱን ሙላት ያጠራቅማል፤ በበጋ ይሰጣል።

የካፓሲተሩን ጉልበት የሚወስነው ምን ያህል ጊዜ ሊያጠራቅም መቻሉ ነው። ለምሳሌ 44 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ከሚይዝ ማጠራቀሚያ በቀን 150 ሺህ ሜትር ኩብ ይወሰዳል እንበል። ሁለቱን ስናካፍል 293 ቀን እናገኛለን፤ ዘጠኝ ወር ተኩል ያህል መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር ማጠራቀሚያው በጋውን በሙሉ ሊሸፍን ይችላል። ለከተማ ነዋሪ ይህ ትልቅ በረከት ነው። ለኤሌክትሪክም፣ ለመስኖም እንደዚሁ።

ነገር ግን ካፓሲተር ልዩነት አያውቅም፤ ክፉውንም ደጉንም መዋዠቅ እኩል ያለሰልሳል። ሬዲዮ የሚያሰማን የኤሌክትሪኩ አማካይ መጠን ሳይሆን መዋዠቁ ነው። መዋዠቁን ካጠፋነው መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። የወንዝ ዳር ዕፀዋትም ከወንዙ የሚያነብቡት መልእክት አለ፤ የተጻፈውም በሙላቱና በጉድለቱ ውስጥ ነው።

አማካዩ የሚደብቀው

ሁለት ወንዞችን በሐሳባችን እንውሰድ። የመጀመሪያው ግድብ የለበትም፤ በአራቱ የክረምት ወራት በሰከንድ 25 ሜትር ኩብ፣ በቀሩት ስምንት ወራት በሰከንድ 2.5 ሜትር ኩብ ይፈስሳል። ሁለተኛው ከግድብ በታች ያለ ሲሆን ዓመቱን በሙሉ በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ይፈስሳል። አማካዩን ብናሰላ ለሁለቱም 10 ነው። ስለዚህ በአማካይ ብቻ የሚያስብ ሰው «ከወንዙ ምንም አልተነካም» ሊል ይችላል።

አሁን ጥልቀቱን እንመልከት። ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ ወንዝ ጥልቀቱ በግምት ከፍሰቱ 0.6 ፓወር ጋር ተመጣጣኝ ነው። የ10 ሜትር ኩብ ፍሰት 1 ሜትር ጥልቀት ካለው፣ 25 ሜትር ኩብ ሲሆን ጥልቀቱ 1.73 ሜትር፣ 2.5 ሜትር ኩብ ሲሆን ደግሞ 0.44 ሜትር ይሆናል። ግድብ የሌለበት ወንዝ በዓመት ውስጥ 1.3 ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል ማለት ነው። ዳርቻው በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር የሚወጣ ተዳፋት ከሆነ፣ በክረምት የሚሸፈንና በበጋ የሚገለጥ 13 ሜትር ስፋት ያለው መሬት በወንዙ በግራም በቀኝም አለ።

ያ 13 ሜትር መሬት የወንዝ ዳር ዕፀዋት ቤት ነው። ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዘው ቀጤማ፣ ፊላውና ሸምበቆው፣ አኻያው፣ በቆላ ደግሞ ሾላው እያንዳንዱ በዚህ ተዳፋት ላይ የየራሱ ደረጃ አለው፤ አንዱ ከውኃው አፍ፣ ሌላው ከፍ ብሎ። በሁለተኛው ወንዝ ግን ያ መሬት ወደ አንድ ቀጭን መስመር ጠቧል። ከመስመሩ በታች ሁልጊዜ ውኃ ነው፤ ከመስመሩ በላይ ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ደረቁን ክፍል የደረቅ መሬት ቁጥቋጦና ሣር ይወርሰዋል፤ ወይም ከፍ ብሎ የማይመጣውን ውኃ የተማመነ ገበሬ ያርሰዋል። በአንዲት ጠብታ እንኳ ያልተቀነሰ ወንዝ ቤቱን ያጣው በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ዘር የሚፈልጋቸው አራት ነገሮች

የወንዝ ዳር ዛፍ ዘር ችግኝ ለመሆን አራት ነገሮች ይፈልጋል። አራቱም ከመዋዠቁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ባዶ መሬት ነው። የአብዛኞቹ የወንዝ ዳር ዛፎች ዘር ደቃቅ ስለሆነ፣ በሣር በተሸፈነ መሬት ላይ ቢወድቅ ተወዳድሮ አያሸንፍም። አዲስ አሸዋና ደለል ያስፈልገዋል፤ ይህንንም የሚያዘጋጅለት ጎርፍ ነው። ውኃ በወንዙ ወለል ላይ የሚያሳርፈው የመጎተት ግፊት የውኃው እፍጋት፣ የመሬት ስበት፣ ጥልቀቱና የወንዙ ተዳፋት ተባዝተው የሚገኝ ነው። ተዳፋቱ ከሺህ አንድ ከሆነ፣ በ1 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ 9.8 ፓስካል፣ በ1.73 ሜትር ደግሞ 17 ፓስካል ያህል ይሆናል። አልበርት ሺልድስ በ1936 በበርሊን ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ ጠጠር የሚንቀሳቀሰው ግፊቱ ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ብቻ ነው፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ጠጠር ወሰኑ 11 ፓስካል አካባቢ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፦ ግድብ የሌለበት ወንዝ በየክረምቱ ጠጠሩን ገልብጦ አዲስ መሬት ያነጥፋል፤ የተገደበው ወንዝ ግን መቶ ዓመት ቢፈስስ አንዲት ጠጠር አያነሣም። 9.8 በመቶ ዓመትም 11 አይሆንም። በዚህ ላይ ደለሉ በግድቡ ውስጥ ስለሚቀር ከበታች ያለው ውኃ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ ደቃቁን አፈር ከዳርቻው እየላሰ ይወስዳል እንጂ አይተካም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። ዘሩ በእርጥብ አሸዋ ላይ ከበቀለ በኋላ ውኃው እየራቀ ይሄዳል፤ የችግኙ ሥርም ውኃውን እየተከተለ ይወርዳል። ይህ ሩጫ ነው። በካናዳ አልበርታ ግዛት የወንዝ ዳር ፖፕላር ዛፎችን ያጠኑት ማሆኒና ሩድ በ1998 ባሳተሙት ሥራ፣ ችግኞቹ የሚተርፉት ውኃው በቀን ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ሲወርድ መሆኑን ገልጸዋል። ቁጥሩ እንደ ዛፉና እንደ አፈሩ ዓይነት ይለያያል፤ መርሑ ግን አንድ ነው። ክረምት ሲወጣ ተፈጥሯዊ ወንዝ ቀስ ብሎ ይጎድላል። ግድብ ግን በር ነው። በአንድ ቀን በሩ ሲዘጋ ወንዙ ግማሽ ሜትር ቢወርድ፣ ያ ለሥሩ የ20 ቀን ሩጫ ነው። ችግኙ ወንዝ ዳር ቆሞ በውኃ ጥም ይሞታል።

ሦስተኛው ከመሬት በታች ያለው ውኃ ነው። ለዲዦን ከተማ የመጠጥ ውኃ ያስገባው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በ1856 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ ውኃ በአፈር ውስጥ የሚጓዘው ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ወዳለው፣ የከፍታ ልዩነቱን በተመጣጠነ ፍጥነት ነው። ከዚህ ሕግ አንድ አስገራሚ ውጤት ይከተላል። የወንዙ ሙላት ወደ ጎን በአፈሩ ውስጥ ሲሰርግ፣ የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ይሆናል። 10 ሜትር ለመድረስ 1 ቀን ከፈጀበት፣ 100 ሜትር ለመድረስ 100 ቀን ይፈጅበታል። አራት ወር የሚቆይ የክረምት ሙላት ከ100 ሜትር በላይ ያሉትን ዛፎች ሥር ያረሰርሳል። ማመንጫ ጣቢያ በየዕለቱ የሚያስነሣው ሞገድ ግን ከዳርቻው ብዙም አያልፍም። ከውኃው ወለል ወደ ላይ ደግሞ እርጥበቱን የሚስበው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለው ቀጭን ቀዳዳ ነው፤ የቀዳዳው ሬዲየስ 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ውኃው 15 ሴንቲ ሜትር፣ 0.01 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.5 ሜትር ያህል ይወጣል። ስለሆነም ደቃቁ ደለል ተጠርጎ ሻካራ አሸዋ በቀረበት ዳርቻ ዛፉ ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

የከርሰ ምድሩ ውኃ ከሥሩ ሲርቅ ዛፉ በግንዱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውኃውን አጥብቆ ይስባል። ስበቱ ከልክ ሲያልፍ በቧንቧው ውስጥ የአየር አረፋ ይፈጠርና የውኃው ክር ይበጠሳል። መጀመሪያ የሚጎዳው ከፍተኛው ቅርንጫፍ ነው። የወንዝ ዳር ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ የሚደርቀው ስለዚህ ነው።

አራተኛው መጓጓዣ ነው። ብዙ ዘሮች በውኃ ላይ ተንሳፍፈው ይጓዛሉ፤ ወንዝ መንገዳቸው ነው። ክሪስተር ኒልሰንና ባልደረቦቹ በስዊድን ወንዞች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ግድቦች ይህን መንገድ በመቁረጣቸው በአንድ ወንዝ ላይ ያሉ ማጠራቀሚያዎች ዳርቻ ዕፀዋት እርስ በርሳቸው እየተለያዩ መሄዳቸውን አሳይተዋል። ይኸው ተመራማሪ ከሌሎች ጋር በ2005 ባቀረበው ቆጠራ፣ ከዓለም 292 ትላልቅ የወንዝ ሥርዓቶች መካከል 172ቱ በግድብ የተነኩ ናቸው።

አዋሽና ኦሞ ምን ያስተምሩናል?

የአዋሽ መካከለኛና የታችኛው ሸለቆ በክረምት ሙላት እየተሸፈነ በበጋ ለምለም ሣር የሚሰጥ ሰፊ ሜዳ ነበር። የአፋርና የከረዩ አርብቶ አደሮች በዝናብ ወራት ከብቶቻቸውን ወደ ሩቅ ሜዳ ነድተው፣ በበጋ ወደ ወንዙ ይመለሱ ነበር። የቆቃ ግድብ በ1960 ፍሰቱን መቆጣጠር ከጀመረ በኋላ በሸለቆው የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ተስፋፉ፤ የበጋው ግጦሽ መሬትም ከአርብቶ አደሩ እጅ እየወጣ ሄደ። ከ1972 እስከ 1974 በደረሰው ድርቅ አፋሮች የደረሰባቸውን መከራ ካከበዱት ምክንያቶች አንዱ ይህ የበጋ መጠጊያ መጥበቡ እንደ ነበር በሰፊው ተጽፏል። የሣር ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም።

ቀጥሎ እንግዶች መጡ። እምቦጭ በአገራችን መታየቱ የተመዘገበው በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው፤ ረጋ ያለና በከተማ ፍሳሽ የዳበረ ውኃ ይስማማዋል። በአፋር ደግሞ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የገባው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው እሾኻም ዛፍ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። ፍሬውን የሚበሉ ከብቶች በእበታቸው ዘሩን ያዛምቱታል፤ ጎርፍም ያጓጉዘዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱን በግድብ ላይ ብቻ መጫን አይገባም። ነገር ግን አንድ ፊዚካዊ ነጥብ አለ፦ የዚህ ዝርያ ዘመድ የሆነ ዛፍ ሥር በአሜሪካ አሪዞና በአንድ ማዕድን ማውጫ 53 ሜትር ጥልቀት ላይ መገኘቱ በ1963 ተመዝግቧል። የከርሰ ምድር ውኃ በሚሸሽበት ምድር ረጅም ሥር ያለው ያሸንፋል።

በኦሞ ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ መያዝ የጀመረው በ2015 ነው። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ ሕዝቦች ጎርፉ ሲመለስ በተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ከግድቡ በኋላ የድሮው ዓመታዊ ሙላት ቀርቷል፤ የሙላት እርሻውም፣ የወንዝ ዳሩ ደንም የተመሠረቱት በዚያው ሙላት ላይ ነበር። በሌላ በኩል በነሐሴ 2006 ያው ኦሞ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰዎችን መግደሉን መርሳት አይገባም። ጎርፍ ሕይወት ይሰጣል፤ ሕይወትም ይወስዳል። ከዚህ የተነሣ «ግድብ ይሠራ ወይስ አይሠራ?» ከሚለው ይልቅ «የተሠራው ግድብ ውኃውን መቼና እንዴት ይልቀቅ?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ፍሬ አለው። በመስከረም 2025 ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ የተመረቀባት አገር ይህን ጥያቄ በራሷ ተመራማሪዎች መመለስ ይኖርባታል።

ጎረቤታችን ኬንያ አንድ ጥሩ ምሳሌ ትሰጠናለች። ፍራንሲን ሂውዝ በ1980ዎቹ በጣና ወንዝ (ከእኛ ጣና ሐይቅ ጋር አይምታታ) ባደረገችው ጥናት፣ የደኑ ዓይነት በየቦታው የሚወሰነው ያ ቦታ በስንት ጊዜ አንዴ በጎርፍ እንደሚሸፈን መሆኑን አሳይታለች። በወንዙ ራስጌ በ1981 የማሲንጋ ግድብ ተሠርቶ ስለ ነበር፣ የተነሣው ጥያቄ ከእኛው ጋር አንድ ነው፦ ነገ የሚተካው ችግኝ የት አለ?

እንዴት ይጠናል?

አሁን ወደ ሰንዳፋ እንመለስ። እንዲህ ዓይነት ጥናት ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከግድብ በላይና ከግድብ በታች፣ እንዲሁም ግድብ በሌለበት በተመሳሳይ ከፍታ በሚገኝ ጅረት ላይ ሦስት ቦታ ይመረጣል። በእያንዳንዱ ቦታ ከውኃው አፍ ጀምሮ ወደ ዳርቻው ቀጥ ያለ ገመድ ይዘረጋል። በገመዱ ላይ በየሁለት ሜትሩ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት አራት ማዕዘን ይቀመጥና በውስጡ ያለው የዕፅ ዓይነትና ብዛት ይመዘገባል። ያልታወቀውን ቅጠልና አበባ አድርቆ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ የዕፀዋት ቤተ መዘክር መውሰድ ይቻላል።

ከዕፁ ጎን ለጎን ከፍታው ይለካል። ግንበኞች ውኃ ልክ ለመያዝ የሚጠቀሙበት ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ይበቃል፤ በተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ ውኃ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል የሚለውን መርሕ በተግባር ማየት ነው። ጎኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ቧንቧ በዳርቻው ቀብሮ በየሳምንቱ በውስጡ ያለውን የውኃ ጥልቀት መለካት የከርሰ ምድሩን ታሪክ ይነግረናል። በወንዙ ውስጥ የተተከለ ቁጥር ያለው እንጨት ደግሞ የወንዙን ታሪክ ይነግረናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዕድሜ ቆጠራ ነው። የእያንዳንዱን ዛፍ ግንድ ከመሬት በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ለክቶ፣ ከዚያ ቁመት የማይደርሱትን ችግኞች ለብቻ ቆጥሮ በግራፍ ማስቀመጥ ነው። ጤነኛ ደን ብዙ ሕፃናት፣ መጠነኛ ጎልማሶች፣ ጥቂት ሽማግሌዎች አሉት። ግራፉ ከተገለበጠ ደኑ ቆሞ እየሞተ ነው።

የ«በፊት» መረጃ ከየት ይገኛል? የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሡ ቆይተዋል፤ ምስሎቹም ከ2008 ጀምሮ በነፃ ይገኛሉ። ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥና ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ ጨረር ስለሚያንጸባርቅ፣ የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል የለምለምነት መለኪያ ይሰጣል። በ1999 ለተጠናቀቀው ድሬ ግድብ ከበፊትም ከበኋላም ምስል አለ ማለት ነው። ለገዳዲ ግን ከላንድሳት ይቀድማል። ለእርሱ ዘመን በ1995 ለሕዝብ የተለቀቁት የ1960ዎቹ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይት ፎቶግራፎች ሊጠቅሙ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በአዲስ አበባ ዙሪያ ወንዝ ዳርን የሚለውጠው ግድብ ብቻ አይደለም። ባሕር ዛፍ፣ ልቅ ግጦሽ፣ የመስኖ ሞተር፣ የከተማ መስፋፋትና የፋብሪካ ፍሳሽ ሁሉም አሉ። ከግድብ በታች ያየነውን ለውጥ ሁሉ የግድብ ሥራ ነው ብንል ሳይንስ ሳይሆን ክስ ይሆናል። ግድብ የሌለበት ጅረት በጥናቱ የሚካተተው ለዚህ ነው፤ የጋራ የሆነውን ለውጥ ቀንሰን የግድቡን ድርሻ ብቻ እንድናገኝ ያደርገናል።

ማጠቃለያ

መፍትሔው ግድብ ማፍረስ አይደለም። በአሜሪካ ከግሌን ካንየን ግድብ በመጋቢት 1996 ለ7 ቀናት በሰከንድ 1,270 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ሆን ተብሎ ተለቅቆ የአሸዋ ዳርቻዎች ዳግም ተሠርተዋል። በአልበርታ ደግሞ ከሙላት በኋላ የግድቡ በር ቀስ በቀስ እንዲዘጋ በመደረጉ የፖፕላር ችግኞች እንደገና በቅለዋል። ልብ በሉ፦ ሁለተኛው ከሁሉም ርካሽ ነው። የሚጠይቀው በሩን የመዝጊያውን ፍጥነት መቀየር ብቻ ነው። አጭር ሰው ሠራሽ ጎርፍም ቢሆን ሁሉን አይፈውስም፤ በካሬ ሕጉ መሠረት 10 ቀን የሚቆይ ሙላት በጎን ሰርጎ የሚደርሰው 32 ሜትር ያህል ነው። ዳርቻውን ጥሶ በላዩ ካልፈሰሰ በስተቀር የራቀውን ዛፍ አያጠጣም። ይህን አስቀድሞ ማስላት የሚቻል በመሆኑ፣ ምን ያህል ውኃ፣ ለስንት ቀን፣ በምን ፍጥነት እየቀነሰ ይለቀቅ የሚለውን ቁጥር ለግድብ አስተዳዳሪዎች ማቅረብ የእኛ ሥራ ነው።

ለገዳዲን ለሚጠጣ ከተማ አንድ ጠብታ ስንት ዋጋ እንዳላት አውቃለሁ፤ የቧንቧ ውኃ በተራ ከሚደርሳቸው አንዱ ነኝና። ነገር ግን የወንዙን ድርሻ ሳንለካ «ተርፎታል» ወይም «ጎድሎበታል» ማለት አንችልም። በሰንዳፋ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ያላችሁ ተማሪዎች ቤታችሁ አጠገብ ወንዝ አለ። በመጪው ጥቅምት፣ ውኃው ሲጎድል፣ አንድ ገመድ ይዛችሁ ውረዱ። ትልልቆቹን ዛፎች አድንቁ፤ ከዚያ ግን ጎንበስ በሉና ትንንሾቹን ቁጠሩ።